ሰሌዳ የሌላት

«እኔ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው» አለ ኢንስፔክተር እስራኤል። «መኪና ናት ወይስ መጫወቻ?»

ከጎኑ ተቀምጦ ቅጽ የሚሞላው ወጣት ፖሊስ ሳቁን በእጁ ሸፈነ። ፌኔት አልሳቀችም። በመስኮቱ በኩል፣ ከትራፊክ ቢሮው ግቢ፣ በአንድ የተጋጨ አይሱዙና በሦስት ባጃጆች መሃል ቆማ ታየቻት፤ ትንሽ፣ ነጭ፣ ጣራ እንጂ በር የሌላት፣ በባትሪ የምትሄድ፣ የሎጅ እንግዶች ሣር ለሣር እየተንሸራሸሩ ፎቶ የሚነሱባት ዓይነት። የፊት መስታወቷ ተሰንጥቋል። ግራ መብራቷ ላይ የደረቀ ወተት አለ። ጣራዋ ከአካሏ ስለሚሰፋ የሱሉልታ ሰው «ኮፍያ» ይላታል። የፌኔት አባት ኦቦ ሞቱማ ግን ስም አላወጡላትም። «እሷ» ነው የሚሏት፤ ከእሷ በፊት ጋሪያቸውን ትጎትት የነበረችውን ባዝራ እንደሚሉት።

ኢንስፔክተሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ ጠርዙ በጣት እድፍ የጠቆረ የደንብ መጽሐፍ ተከፍቶ ተቀምጧል። ባለሁለት እግር አለ፤ ባለሦስት እግር አለ፤ የሕዝብ ማመላለሻ፣ የጭነት፣ የእርሻ ትራክተር ሳይቀር አለ። ኮፍያን የሚመስል ግን የለም። ትናንት ለበላዮቹ ደውሎ ነበር፤ እነሱም ተመካክረው፣ ንብረቱ ምን እንደሆነ ቀድሞ የነበረበት ድርጅት በደብዳቤ ይግለጽ፣ በዚያ መሠረት ሂዱ ብለውታል።

«መኪና ናት የሚል ወረቀት ከመጣ፣ አባትሽ ያለ መንጃ ፈቃድ፣ ያለ ሰሌዳ፣ ያለ ሊብሬ አሽከርክረው ሰው አቁስለዋል። ዐቃቤ ሕጉ ዋስትና የሚፈቅድላቸው አይመስለኝም። መጫወቻ ናት ካለ ግን ተራ ቸልተኝነት ነው። ነገ በዋስ ይወጣሉ።»

«ሴትየዋስ?»

«የተገጨችው?» ኢንስፔክተሩ እስኪርቢቶውን አጋደመ። «መኪና ከሆነ፣ ኢንሹራንስ ባይኖረውም እንኳ፣ ለተጎጂ ካሳ የሚሰጥ ቢሮ አለ፤ ያመለክታሉ። መጫወቻ ከሆነ በሬ እንደወጋት ቁጠሪው። ጉዳይዋ ከባለ በሬው ጋር ይሆናል።»

ባለ በሬው ማን እንደሆነ ፌኔት ታውቃለች። አንዲት ላም፣ ሁለት ክፍል ቤት፣ ስኳር ያለባት ሚስት። ሌላ የለውም።

ነገሩ የተጀመረው በሷ እጅ ነው። ከቢሮው ፊት ለፊት፣ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ «ፎቶ ኮፒና ኮምፒውተር ጽሕፈት» የሚል ሰሌዳ ያለባት ጠባብ ቤት የሷ ናት። የሱሉልታ ማመልከቻ ሁሉ እዚያ ይጻፋል፤ የመሬት፣ የፍቺ፣ የመብራት ቆጣሪ፣ የጠፋ መታወቂያ። ከሁለት ዓመት በፊት ሎጁ እንግዳ ማስተናገድ ሲያቆም፣ ዘጠኝ ዓመት በጥበቃ ያገለገሉት ኦቦ ሞቱማ ከስንብት ወረቀታቸው ጋር ኮፍያ ተሰጠቻቸው። የዚያኑ ሳምንት ትራፊክ አስቆማቸው። «ፈረሴ ሊብሬ ነበረው እንዴ?» ብለው ተከራከሩ፤ ሳቁባቸውና ለቀቋቸው፤ በሁለተኛው ጊዜ ግን ኮፍያን ሊያስሯት ሆነ። ያን ጊዜ ፌኔት የቀበሌ ደብዳቤ ጻፈችላቸው። «ከላይ የተጠቀሰው ንብረት ተሽከርካሪ ሳይሆን የመዝናኛ መጫወቻ መሆኑን እየገለጽን፣ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው በአክብሮት እንጠይቃለን።» በዚያች ዓረፍተ ነገር ኮርታ ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሳያነበው ማህተም አደረገበት፤ አባቷ ላሚኔት አስደርገው ሰሌዳ በሚለጠፍበት ቦታ በሽቦ አሰሩት። ከዚያ ወዲህ ማንም አላስቆማቸውም። ማህተም ያለበትን ወረቀት ሰው እስከ መጨረሻው አያነበውም። እንዲያውም አንድ ትራፊክ እናቷ ጠጅቱ አጠገብ ተቀምጦ እስከ መናኸሪያው ተሳፍሮ ያውቃል። አሁን ሊቀ መንበሩ ተቀይሯል፤ አዲሱም ያን ደብዳቤ አላውቀውም ብሏል።

ዓርብ ጠዋት ኦቦ ሞቱማ ሚስታቸውን ጤና ጣቢያ አድርሰው ብቻቸውን ሲመለሱ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ አስፋልቱ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ኮፍያ መፍጠን ጀመረች። እግራቸው ፍሬኑን አልፈለገም። እጃቸው መሪውን እንደ ልጓም ወደ ደረታቸው ሳበ፤ አፋቸው ፈረስ እንደሚያስቆም ሰው ጮኸ። የተገጨችው ደመቀች የወተት ጣሳዋን ይዛ አስፋልቱ ዳር ቆማ ነበር። ኦቦ ሞቱማ ለፖሊስ የሰጡት ቃልም ይኸው ነው፦ «ስቤያት ነበር፤ እምቢ አለችኝ።» ወጣቱ ፖሊስ ቃል በቃል ጽፎታል።

ወንድሟ ሌንጮ በር ላይ ባጃጁን አስነስቶ እየጠበቃት ነበር። እሱ መንጃ ፈቃድ አለው፣ ሰሌዳ አለው፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ አለው፤ አንዱም ለአባቱ አልጠቀመም። ኢንስፔክተሩ የነገራትን ስትነግረው ጫማውን በጎማው ላይ አራገፈ።

«ታዲያ ምን ያሳስባል? መጫወቻ ነው። በቃ።»

«ደመቀችስ?»

«እሷ ባል አላት። አባባ ማን አለው?»

ደብዳቤውን ለማምጣት ወደ ጫንጮ በሚወስደው መንገድ ወደ ሎጁ ሄዱ። ከግራ ከቀኝ የሣር ክምርና ግማሽ የተገነቡ ቤቶች አለፉ፤ ከዚያ የሎጁ አጥር፣ ከአጥሩ ኋላ ድሮ አያታቸው ከብት ያግዱበት የነበረው ሜዳ። ሌንጮ ልጅ ሳለ የወደቀበትን ገደል ሲያልፉ ሁልጊዜ ያሳያት ነበር። ዛሬ አላሳያትም። እንግዳ መቀበያው ውስጥ የታሰረ ሣር እስከ ጣራ ተቆልሏል። መዋኛው ደርቆ ሁለት ጥጆች ጥላው ውስጥ ተኝተዋል። ሥራ አስኪያጁ ወንዳፍራሽ ሳህን በጋዜጣ እየጠቀለለ ካርቶን ውስጥ ይከትታል። ነገሩን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጣት።

«ኦቦ ሞቱማ እኮ ለኔም እንደ አባት ናቸው» አለ። «ግን ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም። ጸሐፊዋ አንቺ አይደለሽ?»

ከመሳቢያው የሎጁ ራስጌ የታተመበት ሁለት ባዶ ወረቀት አወጣ። በሁለቱም ግርጌ ፈረመና ማህተሙን ሁለት ጊዜ እፍ ብሎበት አሳረፈ።

«ማህተሙን ነገ ለባለቤቶቹ አስረክባለሁ። ተሳስተሽ ብታበላሺ ብዬ ነው ሁለት ያደረግኩት። ከላዩ የፈለግሽውን ሙዪበት።»

ፌኔት ወረቀቶቹን አየቻቸው። ማህተም ከቃል ቀድሞ ሲመጣ አዲስ ነገር አይደለም፤ በሷ ቤትም ሰዎች እንዲህ ያለ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። የራሷ ሲሆን ግን ከበደባት። «እርስዎ ግን ምን ይሏታል?» አለችው። «መኪና ናት?»

ወንዳፍራሽ ሳህኑን እንደያዘ አሰበ። «እኛ ንብረት ቁጥር ዐሥራ አራት ነው የምንላት» አለ።

ሌንጮ ወረቀቶቹን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው። መናኸሪያው አድርሰኝ አለችው፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቃትም፤ አወቀ። ስትወርድ ብቻ፣ «አባባ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ነው ያደረው» አላትና ባጃጁን አዞረ።

በሠላሳ አምስት ብር አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ በሌላ ታክሲ ወደ ሆስፒታሉ። አንድ ኪሎ ብርቱካን ሁለት መቶ ሠላሳ ብር አሏት፤ ግማሽ ኪሎ ገዛች፤ ከገዛች በኋላ ግማሽ ኪሎ ይዞ ሆስፒታል መግባት አሳፈራትና ተመልሳ ሞላችው። አገሩ ሰው የጎዳ ወገን ቀድሞ ሄዶ ዐይን ማየት አለበት ይላል። ቅዳሜ ዕለት የአባቷ አብሮ አደጎች የሆኑ ሦስት ሽማግሌዎች ሄደው ነበር። የደመቀች ባል ተረፈ ደጅ ላይ ተቀብሏቸው፣ «እርቁ አይቸኩልም፤ መጀመሪያ እግሯ ይዳን» ብሎ በጨዋ ደንብ መልሷቸዋል። ከጎጂው ቤተሰብ የሄደች ግን ፌኔት የመጀመሪያዋ ናት።

ደመቀች አልጋ አላገኘችም። ኮሪደሩ ላይ፣ ግድግዳውን ተጠግታ ቃሬዛ ላይ ተኝታለች፤ ከእግሯ ጫፍ በገመድ የተንጠለጠለ፣ በውኃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ አጥንቱን ይስባል። የሚያልፍ ሁሉ ጠርሙሱን በክርኑ ይነካዋል፤ በተነካ ቁጥር ዐይኗን ትጨፍናለች። ፌኔት ብርቱካኑን የት እንደምታስቀምጥ ቸግሯት እንደያዘች ቆመች።

«የኦቦ ሞቱማ ልጅ አይደለሽ? ጸሐፊዋ።»

«አዎ፣ እትዬ ደመቀች።»

«አውቄሻለሁ። የወተት ፈቃድ ማመልከቻዬን የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ። አባትሽ ስንቴ እንዳሳፈሩኝ አልነገሩሽም? ከነጣሳዬ። ሳንቲም ተቀብለውኝ አያውቁም። ሲጮሁ እኮ ሰምቻለሁ፤ እንደ ፈረስ ሲያባብሏት። ዞሬ የሳቅኩ ይመስለኛል። ፈቀቅ ማለት ሲገባኝ ሳቅኩ።»

«አባባ አዝነዋል።»

«ይዘኑ እንጂ! እኔስ እግሬን ነው የሰበርኩት፤ ሰው አልሰበርኩ።» ይህን ብላ ልትስቅ ስትል አንድ አልጋ ገፊ ጠርሙሱን ነካው።

ነርሷ ፌኔት የቤተሰቡ አባል መስላት ጠራቻትና ነገረቻት። አጥንቱ ውስጥ ብረት መግባት አለበት። ሆስፒታሉ ብረቱ የለውም፤ ከውጭ በአርባ ስድስት ሺህ ብር ይገዛል። በዚህ ሳምንት ካልገባ አጥንቱ በተጣመመበት ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ትሄዳለች፣ ግን ጣሳ ተሸክማ አትሄድም። «ገጪው መኪና ኢንሹራንስ የለውም?» አለች ነርሷ። ፌኔት መኪና አይደለም ልትል አፏ ደርሶ ነበር። «እየተጣራ ነው» አለች።

ተመልሳ ሱሉልታ ስትገባ ዐሥር ሰዓት ሆኗል። ቤቷን ከፍታ ኮምፒውተሩን አበራችና አንዱን ባዶ ወረቀት ማተሚያው ላይ አስገባች። ቀኑን ሙሉ ያላገኘችው ጸጥታ እዚያ ነበር። ያየችውን ጻፈች፤ ሞተር እንዳላት፣ አራት ጎማ፣ መሪ፣ ፍሬንና መብራት እንዳላት፣ በሰዓት ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር እንደምትሄድ፣ ሰው ለማጓጓዝ እንደምታገለግል፣ ስለዚህም ተሽከርካሪ መሆኗን። ዓረፍተ ነገሩ አጭርና ንጹሕ ነበር። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ለኢንስፔክተሩ ከመስጠቷ በፊት ግን ለአባቷ መንገር እንዳለባት አሰበች። ይፈቅዳሉ የሚል እምነት ነበራት። አባቷ የሰው አዝመራ የበላችባቸውን ላም ራሳቸው ጎትተው ለባለ አዝመራው ያስረከቡ ሰው ናቸው፤ ይህን ታሪክ በሰፈሩ ያልሰማ የለም። በአባቷ ትተማመን ነበር፤ እንዲያውም ወረቀቱን የጻፈችው በሳቸው ተማምና ነው።

እናቷ ጠጅቱ ከፖሊስ ጣቢያው አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ናቸው። ለኦቦ ሞቱማ ያመጡት የምሳ ሳህን ሳይነካ ተመልሶ ጭናቸው ላይ ነው። ፌኔት ስትጠጋ ቀና ብለው አዩዋትና ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው እያሹ ፊታቸውን ወደ አስፋልቱ መለሱ። እሳቸውን ከእንግዲህ ጤና ጣቢያ የሚያደርሳቸው ማን እንደሆነ ማንም አላነሳም፤ እሳቸውም አላነሱ።

ኦቦ ሞቱማን በፍርግርጉ በኩል አመጡላት። ቀበቷቸውን ወስደውባቸው ሱሪያቸውን በአንድ እጅ ይዘዋል። በሦስት ቀን ውስጥ ፂማቸው ነጭ ሆኖ ወጥቷል።

«አካም ጂርታ፣ አባባ?»

«ፈያ፣ ደህና» አሉ፣ ከልማድ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እግሯ እንዴት ነው?»

ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ቃሬዛውን፣ ጠርሙሱን፣ ብረቱን፣ የኢንስፔክተሩን ሁለት መንገድ። ወረቀቱን ከቦርሳዋ አላወጣችም። በጥሞና ሰሟት። አንድ ታሳሪ ከኋላቸው «ሹፌሩ፣ ወዴት ነው ጉዞው?» ብሎ ጮኸ፤ ክፍሉ ሳቀ። ኦቦ ሞቱማ አልዞሩም፤ ጆሯቸው ግን ቀላ።

«መኪና ካልሽ ስንት ጊዜ ይይዙኛል?»

«አላውቅም።»

«ብዙ?»

«ብዙ፣ አባባ።»

ፍርግርጉን በነፃ እጃቸው ያዙ። ፌኔት ጠበቀች። የምትጠብቀው ቃል ምን እንደሆነ በልቧ ይዛዋለች፤ ያቺን ላም የጎተተው ሰው የሚናገረውን።

«እዚህ ቁጭ ብለን ነው የምናድረው» አሉ። «ሽንት ስወጣ ልጆቹ በፈረስ ድምፅ ይሸኙኛል። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው።» ዐይኗን ሳያዩ፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ መጫወቻ በይው» አሏት። «አውጪኝ።»

ልትመልስላቸው ስትል ዘበኛው ሰዓት ደረሰ አለ። ሱሪያቸውን ይዘው ወደ ውስጥ ገቡ።

ሁለተኛውን ወረቀት ለመሙላት አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። «የመዝናኛ መጫወቻ» የሚለውን ቃል ጣቶቿ ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ ያውቁታል። የፊተኛውን አራት ቦታ ቀዳ ጣለችው። ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሊሆን ትንሽ ሲቀረው አስፋልቱን ተሻገረች። ኢንስፔክተር እስራኤል ጃኬቱን ለብሶ ሊወጣ ነበር፤ ወረቀቱን ተቀብሎ መጀመሪያ ማህተሙን አየ፣ ቀጥሎ ፊርማውን፣ ከዚያ መሃል ላይ ያለችውን አንዲት ቃል ፈልጎ አገኛት። መዝገቡ ውስጥ አያያዛት።

«ደግ አድርገሻል» አለ። «ነገ ሦስት ሰዓት ዋስ ይዛችሁ ኑ።» ከዚያ በሩን እየቆለፈ፣ ለሷ ሳይሆን ለራሱ፣ «ምስኪን ሴት» አለ።

ቤቷን ልትዘጋ ስትመለስ ተረፈ ቆርቆሮው ሥር ቆሞ ነበር። ከድንጋይ መፍጫው በቀጥታ የመጣ ነው፤ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ አቧራ ለብሷል። ፌኔት ሊጣላት የመጣ መሰላትና ደረጃው ላይ ቆመች። እሱ ግን ባርኔጣውን አወለቀ።

«የዘጋሽ መስሎኝ ነበር» አለ። «ብርቱካን ይዘሽ እንደሄድሽ ደመቀች በስልክ ነገረችኝ። እግዜር ይስጥልን።»

«ይግቡ፣ ጋሽ ተረፈ።»

ወንበሩን እንዳያቆሽሽ ሱሪውን አራግፎ ጫፉ ላይ ተቀመጠ። ከደረት ኪሱ በላብ የረጠበ ቁራጭ ወረቀት አወጣ። ሆስፒታል ውስጥ አንድ ሰው የካሳ ቢሮውን ስም ጽፎለታል። ማመልከቻ ያስፈልጋል ብለውታል፤ ጥሩ ሆኖ የተጻፈ። «ካንቺ ቤት ሌላ የት እንደሚጻፍ አላውቅም» አለ። «ሌላ ቦታ ሄጄ ስምሽ ሲነሳ ደግሞ ካንቺ የሸሸሁ ይመስላል።»

በዚያች ሰዓት ልትነግረው ትችል ነበር። አፏን ከፈተች። «መኪና ብዬ ነው የምጽፈው?» የሚለው ወጣ።

«መኪና ነው እንጂ» አለ ተረፈ፣ ጥያቄው ግራ አጋብቶት። «ምን ትዪዋለሽ ታዲያ?»

ጻፈች። በሕይወቷ እንዲህ ተጠንቅቃ ጽፋ አታውቅም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቁልቁለቱን፣ የተሰበረውን አጥንት፣ የሚገባውን ብረት፣ በወተት ሥራ የሚተዳደሩትን አራት ነፍስ። ማንም ሹም ሁለት ጊዜ ማንበብ እንዳያስፈልገው አድርጋ ጻፈችው። ተሽከርካሪ የሚለውን ቃል አራት ጊዜ አገባችው፤ አንዱም የማያዋጣ መሆኑን፣ ከመንገዱ ማዶ ባለው መዝገብ ውስጥ በዚህችው ማተሚያ ቀለም ተሽሮ እንደተቀመጠ እያወቀች። አነበበችለት። ተረፈ ዐይኑን ጨፍኖ ሰማ። «ቃሉ ይገባል» አለ፤ «የተማረ ሰው ይባረክ።» ለገጹ ሠላሳ ብር ነው፤ አልቀበልም አለችው፤ ብሩን ቁልፍ ሰሌዳው ሥር ሰካው። «ሰው የደከመበትን በነፃ አልወስድም» አለ።

ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ከተነሳ በኋላ በሩ ላይ ቆም አለ።

«አንድ ቅጂ ጨምሪልኝ።»

«ለማን?»

«ለአባትሽ። እሳቸው ሳያውቁ ከኋላቸው ባመለክት ነውር ነው። ነገ ስንቅ ስትወስጂ ስጫቸው፤ ይዩት። የማይስማማቸው ቃል ካለበት ይንገሩኝና እናስተካክለዋለን።»

ፌኔት ቁልፉን ተጫነች። ማተሚያው ሞቆ ስለነበር ሁለተኛው ከመጀመሪያው ፈጥኖ ወጣ።